ዝቅ ያለው የግራ በር

ዳንግላ ብረት ልገዛ ሄጄ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው የአሠሪያችን የአያ ዘውዱ ልጅ ነበረች። «ሽባባው» ከማለቷ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ስልኩን አፍጥጬ እያየሁ፣ ደግሞ ምን ሠርቶ ይሆን፣ አልሁ በልቤ። ታሞ ተኝቶ እንኳ ደግሞ ማን አመስግኖት ነው? ይህን ለእኔ ለመንገር ዳንግላ ድረስ መደወል ምን ያስፈልጋል? የገዛሁትን ቱቦላሬ እያስጫንሁ ሁለተኛ እስክትደውል ድረስ በውስጤ ስነጫነጭ ቆየሁ። ሁለተኛ ስትደውል ሽባባው ማረፉን ነገረችኝ።

ሆዱን አሞት ባሕር ዳር ሆስፒታል ከተኛ ሰንብቷል። ሁላችንም ድኖ ይመጣል ብለን ነበር፤ እኔማ ድኖ ሲመጣ የሚደረግለትን አቀባበል አስቀድሜ አስቤ አኩርፌ ነበር። መሞቱ ግን በሐሳቤም አልነበረም። ብረት ሻጩ ፊቴን አይቶ ምን ሆንህ ቢለኝ አብሮ አደጌ ሞተ አልሁት። አብሮ አደጌ አልነበረም፤ ሌላ ቃል አጥቼ ነው። ለሚቀኑበት ሰው የሚሆን የዝምድና ስም የለም።

የተቀበረው በተወለደበት ቀበሌ፣ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ነው። ፈረሰኛው ሜዳውን ሞልቶታል። የሱ ፈረስ ጌጡን ለብሶ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ከፊት ሲሄድ ያላለቀሰ የለም። እኔም አለቀስሁ። እያለቀስሁ ደግሞ ሕዝቡን አያለሁ፤ ከዳንግላ የመጣ፣ ከጥሊሊ የመጣ፣ ከአዲስ ቅዳም በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ። አባቴ ሲቀበር የመጣው ሰው አንድ ድንኳን አልሞላም። የራሴን ቀብር ደግሞ አሰብሁት። ማን ይመጣልኛል? ሽባባው ሳይቀር ይመጣ ነበር፣ እሱም ይኸው ቀደመኝ። ሰው በሞተ ሰው ይቀናል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ መቃብሩ አፍ ላይ ቆሜ ግን ቀናሁ።

ስሜ ይበልጣል ነው። አባቴ ይህን ስም ሲያወጣልኝ ከማን እንደምበልጥ አልነገረኝም። ሙያዬ ብየዳ ነው። አያ ዘውዱ ጋ የገባሁት ጢሜ ሳይበቅል ነው፤ እንጅባራን እስካሁን በድሮ ስሟ ቆሰበር የሚሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ብየዳ ቤታቸውም ከዋናው መንገድ ዳር ነው። በርና መስኮት፣ የጋሪ አካል፣ የባጃጅ ጣራ፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። ብየዳዬ ቀጥ ያለ ነው። መስመሬን ያየ ሰው በማሽን የተሰፋ ልብስ ይመስላል ይላል። ይህን የምለው ልመካ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ልመካ ብዬ ነው።

ሽባባው ወደዚያ ቤት የመጣው የተሰበረ ልጓም ይዞ ነው። ፈረሱን ደጃፋችን አስሮ ልጓሙን እንድበይድለት ሰጠኝ። በየድሁለት። አመስግኖ ይሄዳል ስል እንጨት ላይ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ እጄን ሲያይ ዋለ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና አያ ዘውዱን ሥራ ለመናቸው። እንግዲህ ያንን ሰውዬ ወደ ቤታችን ያገባሁት በገዛ እጄ ነው ማለት ነው፤ ልጓሙን አይበየድም ብዬ ብመልሰው ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት እንቅልፍ እተኛ ነበር።

ምን ዓይነት ሰው ነበር? አርፋጅ ነበር። መፍቻ የተጠቀመበት ቦታ ጥሎ የሚሄድ፣ ጠመኔ ከጆሮው ላይ ሰክቶ ጠመኔ የሚፈልግ፣ የሰው ምሳ ላይ ሳይጠሩት እጁን የሚሰድ። ሲሠራ ያንጎራጉራል፤ ድምፁ ደግሞ ለጆሮ አይመችም። እኔ ሦስት ደቂቃ ባረፍድ አያ ዘውዱ ፊታቸውን ያጠቁሩብኛል። እሱ ረፋድ ላይ «ወንድማለም፣ እንደምን አደራችሁ» እያለ ሲገባ ቤቱ በሙሉ ይስቃል። ወንድማለም የማይለው ሰው አልነበረም። ለእኔ ብቻ የሚላት ይመስለኝ ነበር፣ በኋላ ለትራፊክ ፖሊስም ሲላት ሰማሁና ተውሁት።

አዊኛው ደግሞ ነበር። የእኔ ወላጆች ከሞጣ በኩል የመጡ ናቸው፣ እኔ በአዊኛ ከሰላምታ በቀር የማውቀው የለም። ከገጠር የሚመጣው ደንበኛ እኔን በአማርኛ ዋጋ ይጠይቀኛል፣ ወደ ሽባባው ዞሮ ግን በአዊኛ ይጫወታል። ይሳሳቃሉ። አንዳንዴ ወደ እኔ እያዩ ይሳሳቃሉ። ምን አለ ብዬ ስጠይቀው «ጥሩ በያጅ ነው አለህ» ይለኛል። አንድ ቀንም አምኜው አላውቅም።

አሠራሩም እንደ ሰው አልነበረም። በር ላሠራ ብሎ የመጣን ሰው እስቲ ግባ፣ እስቲ ውጣ ይለዋል። ጋሪ ላሠራ ያለውን፣ እስቲ ወጥተህ ውረድ። እኔ ሜትሬን ዘርግቼ፣ ለክቼ፣ ብረቱን ቆርጬ ስጨርስ እሱ ገና ሰውየውን ያመላልሰዋል። ስለዚህ ነገር ስቀልድበት ፈረስ የሚገዛ ሰው ፈረሱን ብቻ አያይም፣ የሚቀመጥበትንም ያያል ይለኛል። «አንተ ሜትር ይዘህ ነው የተወለድህ» ብሎ ደግሞ ሰው ፊት ያስቅብኛል። ያመላለሳቸው ሰዎች ግን አይናደዱም ነበር። ይህ ነው የሚያበሳጨኝ። ሥራቸውን ሲረከቡ እኔ የሠራሁላቸው ያመሰግኑኛል፤ እሱ የሠራላቸው ቤታቸው ይጋብዙታል።

በዚህ መካከል የአያ ዘውዱ ዓይን ደከመ። መነጽር ሳያደርጉ ያዩት የብየዳ ብርሃን በእርጅና ከፈላቸው፤ ጥላና ብርሃን ከመለየት በቀር የቀራቸው አልነበረም። ወንድ ልጅ የላቸውም፣ ልጃቸውም አስተማሪ ናት። ቤቱን ከሁለታችን ለአንዳችን ሊያስረክቡ እንደሆነ ማንም አልነገረንም፣ ሁለታችንም ግን እናውቃለን። ተራው የእኔ ነበር። ቀድሜ ገብቻለሁ፣ አርፍጄ አላውቅም፣ መፍቻ ጠፍቶብኝ አያውቅም። የብየዳ ቤቱን ቁልፍ እንደፈለግሁት ሌላ ነገር በሕይወቴ አልፈለግሁም።

ሁለት የቱቦ በሮች ለሥራ የመጡልን ያን ጊዜ ነው። ያመጧቸው እትየ የሻረግ ናቸው፣ የአዲስ ቅዳም ከሰል ነጋዴ። አንዲት አሮጌ ጂፕ አለቻቸው፣ ራሳቸው እየነዱ ለከሰል በተተከለው በየአካሻው ዛፍ መሀል ይገባሉ። የጂፗ በሮች ዝገት በልቷቸው ስለነበር የወንድማቸው ልጅ ከዱባይ አዲስ በር ላከላቸው። ካርቶኑን ስንከፍተው በር የሚባል ነገር አጣንበት። ጥቁር የተቀባ ቱቦ ነው፤ ጎብጦ የበር ቅርጽ ይዟል፣ መሀሉ ግን ባዶ ነው። ላሜራ የለው፣ መስታወት የለው። ቁመቱም እስከ ወገብ ብቻ። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ይሄ በር ነው ወይስ የአልጋ ራስጌ እያለ ሳቀ። ዓመቱን ሙሉ በሚዘንብበት አገር ክፍት በር የሚያስገጥም ሰው ታይቶ አይታወቅም።

አያ ዘውዱም ዝናቡን እንዴት ሊያደርጉት እንደሆነ ጠየቋቸው። እትየ የሻረግ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «ዝናብማ ጋቢ አለኝ። እኔ የምፈራው ገደል ነው» አሉ። በዚያ በር ጭቃው የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ጎማቸው የት እንደረገጠ እየነዱ ያዩታል። በዚያ ላይ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ወርደው ከሰሉን አይተው እንደሚሳፈሩ እሳቸው ያውቃሉ። ከዓመታት በፊት ከአይሱዙ ጭነት ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተጎድቷል፤ ከመኪናዋ በወረዱ ቁጥር «እህህ» የሚል ማቃሰት ነበራቸው። ለምደነው ነበር። እትየ መጡ ማለት ያ ድምፅ ተሰማ ማለት ነው።

በሮቹ ሲሞከሩ አልገጠሙም። የተሠሩት ለሌላ ጂፕ ኖሯል። የእትየም ጂፕ ተገጭታ ስለነበር የበሯ ምሰሶ በላሜራ የተለጠፈ ነው። ማጠፊያውን ቆርጦ እንደገና መበየድ ግድ ሆነ። አያ ዘውዱ ሁለቱን በሮች በእጃቸው ዳሰሱና ግራውን ሽባባው፣ ቀኙን ይበልጣል ይግጠም አሉ። ያኔ ገባኝ። ፈተናው ይህ ነው። ወዲያውም የግራው በር የሹፌሩ መሆኑ ትዝ አለኝና ለምን ግራው ለሱ ሆነ ብዬ ከነከነኝ።

እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። የዛገውን ፍቄ፣ ለክቼ፣ ደግሜ ለክቼ በየድሁ። በሩ ከመኪናዋ አካል ጋር ዙሪያውን እኩል ሆኖ ተቀመጠ፤ ሲዘጋ ቀጭ ይላል እንጂ አይንጓጓም። እጄን ስታጠብ ሽባባው ገና ነበር። መጀመሪያ እትየን ሲያወጣ ሲያወርዳቸው ነው ያረፈደው። ኋላም የግራይንደሩ ድምፅ ይሰማኛል፤ እየቆረጠ፣ እየፈጨ። አልሆነለትም ብዬ ውስጤ ደስ አለው። ሲጨርስ አየሁት፤ በሩ ወርዷል። ሱሪው እንደወረደበት ሰው ከመኪናዋ አካል በታች ተንጠልጥሏል። ከላይ በኩል ክፍተቱ እጅ ያስገባል። መጥረጊያ አንሥቼ ቤቱን ጠረግሁ። ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ነው።

አያ ዘውዱ መጡና የእኔን በር በጣታቸው ዙሪያውን ተከተሉት። ጥሩ ነው አሉ። ወደ ሽባባው በር ሄዱ፣ ዳሰሱት፣ ቆም አሉ።

«ይሄ ወርዷል» አሉት።

«አዎ፣ ወርዷል» አለ ሽባባው።

ቁልፉ በእጄ የገባ መሰለኝ። እትየ የሻረግ ተሳፍረው ሞተሩን አስነሡ፣ አጠፉት፣ ስለ መንገዱ መበላሸት እያወሩ ወረዱ። ሲወርዱ እጃቸው ሳያስቡት በሩ ላይ አረፈና በክንዳቸው ተደግፈውት እግራቸው መሬት ነካ። ወሬያቸውን አላቋረጡም። እኔ ያየሁት የወረደውን በር ብቻ ነው። አያ ዘውዱ ግን ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩና፣ «የሻረግ፣ ዛሬ አላቃሰትሽም» አሏቸው።

እትየ ቆም ብለው አሰቡ። ተሳፍረው እንደገና ወረዱ። አላቃሰቱም። ከዚያ በሩን ያዩት ጀመር፣ ቀጥሎ ሽባባውን፣ ቀጥሎም ሳቁ። በሳምንቱ አያ ዘውዱ የቤቱን ቁልፍ ለሽባባው ሰጡት።

ብዙ ዓመት የተጽናናሁት በአንድ ነገር ነው፤ ዕድል ነው አልሁ። በሩ ከእጁ ተንሸራቶ ወረደበት፣ ሳያስበው ለእትየ ዳሌ ተስማማ፣ አለቀ። ቀጥ አድርጎ መግጠም ቢችል ኖሮማ ይገጥመው ነበር። ብጠይቀው ይነግረኝ ይሆናል፤ መጠየቅ ግን መሸነፍ መሰለኝ።

አንድ ጊዜ በእርግጥ ተሳስቷል፣ እሱን ሳልናገር አላልፍም። በሩ ሲከፈት አልፎ ሄዶ የመኪናዋን አካል እንዳይመታ የሚይዘው የናይለን ማሰሪያ ከበሮቹ ጋር መጥቶ ነበር። እኔ እንደመጣ አሰርሁት። ሽባባው ናቀውና በጠፍር ለወጠው፤ የፈረስ ዕቃ እንደሚለሰልሰው ጠፍሩን ቅቤ ቀባው። በዚያው ሰሞን እትየ አዲስ ቅዳም ደጃፋቸው አቁመዋት ያደረችውን ጂፕ ጠዋት ሊያስነሡ ሲወጡ፣ ውሻ ጠፍሩን ከነቅቤው በልቶታል። ይህን ሳያዩ በሩን ቢከፍቱት አልፎ ሄዶ የፊት መብራቱን ሰበረው። ይህን በስልክ ስሰማ ምሳዬን ትቼ ደጅ ቆሜ ጠበቅኋቸው። አሁን ይዋረዳል ብዬ። እትየ መጡና ከመኪናዋ ሳይወርዱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሽባባውም ሳቀ። ውሻው እንደምን አደረ ብሎ ጠየቃቸው። ያን ታሪክ በየገበያው እያወሩለት ጭራሽ ደንበኛ በዛለት። የእኔ ስሕተት ቁጣ ያመጣል፤ የሱ ስሕተት ደንበኛ አመጣ።

ሰዎች ለምን የራስህን ቤት አትከፍትም ይሉኝ ነበር። ትቼው ብሄድ ሲሳሳት ማን ያየዋል? ቆየሁ። አለቃ ሆኖ እንኳ አላዘዘኝም፤ ከባድ ሥራ ሲመጣ፣ ሰው ፊት፣ ይህ ለይበልጣል እጅ ነው እያለ ይሰጠኛል። ቢያንቋሽሸኝ ይሻለኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ አያ ዘውዱ አስጠርተውኝ ቁልፉን በእጄ አስቀመጡልኝ። ያን ሁሉ ዘመን የፈለግሁት ቁልፍ ነው። ሰው ስለሞተ አገኘሁት እንጂ ስለበለጥሁ አይደለም።

አርባው ካለፈ በኋላ የእትየ የሻረግ ጂፕ እየተጎተተች መጣች። አንድ የከሰል አይሱዙ ወደ ኋላ ሲሄድ የግራውን በር ጨፍልቆታል። ማጠፊያው ከምሰሶው ተገንጥሏል። የእኔ በር በቀኝ በኩል እንደነበረ ነው፣ ቀጥ ብሎ። ዞር ብሎ ያየው ግን የለም። እትየ የተጨፈለቀውን ቱቦ በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ እንደነበረ አድርግልኝ አሉኝ። እንደነበረ ማለት እንደሱ ማለት ነው።

ምሰሶው ላይ ያለውን ቀለም ፈጨሁት። ማጠፊያው ከተገነጠለበት ከፍ ብሎ፣ ከቀለሙ ሥር፣ ተፍቆ የተስተካከለ የድሮ ብየዳ ታየኝ። ታችኛውም እንደዚያው ነው። ሜትሬን አወጣሁና ለካሁ። ወደ ቀኝ ዞሬ የራሴን ማጠፊያ ለካሁ። አንድ ነው። ሽባባው ያን ቀን በሩን መጀመሪያ ከእኔው በር ጋር እኩል፣ ቀጥ አድርጎ ገጥሞት ኖሯል። ፍጹም አድርጎ ሠርቶት ነው እንደገና የቆረጠው። ውድድር መሆኑን እያወቀ፣ ቀጥ ያለውን በር በገዛ እጁ አውርዶታል። እኔ ግራይንደሩን እየሰማሁ የተደሰትሁት ያኔ ነው።

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። መጽናኛዬንም ይዞብኝ ሄደ። ሞቶ እንኳ አላስቀረልኝም። በጣም አቃጠለኝ፣ ደግሞም በጣም ናፈቀኝ፤ የትኛው እንደበለጠ አላውቅም።

ማጠፊያው የነበረበትን ቁመት ላሜራው ተቀዶ ጠፍቶ ስለነበር በግምት ካልሆነ በልኩ ማግኘት አልተቻለም። ሜትሬን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

«እትየ፣ እስቲ ተሳፍረው ይውረዱልኝ» አልሁ።

«እንዴ፣ አንተም ጀመርህ?» አሉኝ።

ያቃናሁትን በር በቦታው ይዤላቸው አወጣኋቸው፣ አወረድኋቸው። ብረቱን ሳይሆን እሳቸውን አየሁ። አርጅተዋል። እጃቸው የሚደገፈው ከድሮው ቦታ ዝቅ ብሎ ነው፣ ክንዳቸውም እንደ ድሮው አይደለም፣ መላ ሰውነታቸውን ነው የሚጥሉት። የሽባባውን በር እንዳለ ብመልሰው ኖሮ ከፍ ይልባቸው ነበር። ማጠፊያውን በወፍራም ብረት አጠናክሬ ከሱም ዝቅ አድርጌ በየድሁት። ብየዳዬ ቀጥ ያለ ነው፣ በሩ ግን ከዚያ በፊት ከነበረው የባሰ ተንጠልጥሏል። ያየው ሁሉ እንደሚስቅብኝ አውቄ ነው።

እትየ መኪናዋን ሊወስዱ ሲመጡ አያ ዘውዱ እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እትየ ያንን የአይሱዙ ሹፌር እየረገሙ ተሳፈሩ፣ ነጠላቸውን ረስተው ኖሮ እየረገሙት ወረዱ። እጃቸው በሩ ላይ አረፈ። እርግማኑ በ«እህህ» አልተቋረጠም። ነጠላቸውን ይዘው ተመለሱ፣ ሄዱ። በሩን አላዩትም።

አያ ዘውዱ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሞተሩ ድምፅ እስኪርቅ አዳመጡ።

«ሽባባው» ብለው ተጣሩ።

አጠገባቸው የነበረችው ልጃቸው ደንግጣ አየችኝ። ረስተውት ይሁን ሆነ ብለው አላውቅም። በእኔ ስም ፋንታ ያ ስም በተጠራ ቁጥር ዕድሜዬን ሙሉ ቆሽቴ አርሯል።

«አቤት፣ አያ» አልሁና ወደሳቸው ሄድሁ።